የተራበን ለማብላት ፈቃድ ሲጠየቅ



የልደት በዓል በደረሰ ቁጥር በየቤታችንና በየአብያተ ክርስቲያናቱ የምንሰማው ታሪክ የሚጀምረው ማደሪያ ከማጣት ነው። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምና አረጋዊው ዮሴፍ ለቈጠራ ወደ ቤተ ልሔም በሄዱ ጊዜ የእንግዶች ማረፊያው ሞልቶ ስለ ነበር፣ ሰማይና ምድርን የፈጠረ ጌታ በከብቶች በረት ተወለደ። አባቶቻችንና እናቶቻችንም ይህን ታሪክ በማሰብ በዓሉን ያለ ነዳያን አያከብሩም ነበር። የነቢያት ጾም ተጾሞ ሲፈታ፣ ከድግሱ አስቀድሞ የሚነሣው የድኻው ድርሻ እንደ ነበር በየቤቱ ያሉ አረጋውያን ይመሰክራሉ።

ለመሆኑ ይህን የመሰለ ምጽዋት በሕግ የሚያስቀጣ ሆኖ ቢገኝ ምን እንላለን? ጥያቄው የፈጠራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአሜሪካ ከተሞች ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በምክር ቤቶችና በፍርድ ቤቶች ሲያከራክር የኖረ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በእነዚያ ከተሞች ስለሚኖሩ፣ ነገሩም የእኛን የዘወትር ልማድ ስለሚነካ፣ በዛሬው የበዓል ዝግጅታችን ልናነሣው ወደድን። በሚከተለው ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሳህን የያዘ አዛውንት

በፍሎሪዳ ግዛት በፎርት ሎደርዴል ከተማ አርኖልድ አቦት የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አቶ አቦት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ሰው ሲሆኑ፣ በ1991 ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በስማቸው መታሰቢያ የሚሆን፣ «ባልንጀራህን ውደድ» የሚል መጠሪያ ያለው የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ሥራቸውም ምግብ አዘጋጅቶ ቤት ለሌላቸው ሰዎች በመናፈሻና በባሕር ዳርቻ ማቅረብ ነበር። በእኛ ቋንቋ ብንተረጉመው፣ የሟችን ዝክር ለነዳያን ማውጣት ማለት ነው።

በጥቅምት ወር 2014 የከተማው ምክር ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ያለፈ ስብሰባ አድርጎ በአደባባይ ምግብ ማደልን የሚገድብ ደንብ አጸደቀ። በደንቡ መሠረት ምግብ የሚታደልበት ስፍራ ከመኖሪያ ቤቶችም ሆነ ከሌላ የማደያ ስፍራ 500 ጫማ፣ ማለትም 150 ሜትር ያህል መራቅ ነበረበት። ምግብ የሚያድለውም ሰው የቦታውን ባለቤት ፈቃድ እንዲያገኝና ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ከዚህ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2014፣ የ90 ዓመቱ አቶ አቦት ከሁለት የሃይማኖት አገልጋዮች ጋር በስትራናሃን መናፈሻ ምግብ ሲያድሉ ፖሊሶች አስቆሟቸው። የሚጠብቃቸውም ቅጣት እስከ 60 ቀን እስራትና እስከ 500 ዶላር መቀጮ እንደ ነበር ተነግሯል። አዛውንቱ በኋላ እንደ ተናገሩት፣ አንድ ፖሊስ ሳህኑን ወዲያው እንዲጥሉ ያዘዛቸው የጦር መሣሪያ የያዙ ያህል ነበር።

አቶ አቦት ግን በዚህ አልተበገሩም። ሦስት ቀን ቈይተው ምግባቸውን ወደ ባሕር ዳርቻው ይዘው ወጡ፤ በዚያም ሁለተኛ ተከሰሱ። ወሬው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በታኅሣሥ ወር 2014 አንድ ዳኛ ደንቡ ለጊዜው በሥራ ላይ እንዳይውል አገዱ። አቶ አቦት በ2019 በ94 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ፣ ሲታወሱ የነበሩት በእጃቸው ይዘውት በነበረው በዚያ ሳህን ነበር።

የፎርት ሎደርዴል ደንብ ብቸኛ አልነበረም። የላስ ቬጋስ ከተማ በ2006 በመናፈሻዎች ውስጥ ለችግረኛ ምግብ መስጠትን በሕግ ከለከለ። ችግረኛ የሚባለውም ማንኛውም ሰው ሲያየው የመንግሥት ዕርዳታ የሚገባው የሚመስለው ነው ተብሎ ተጻፈ። በዚህ አነጋገር አንድ ሰው በመናፈሻ ተቀምጦ ለጓደኛው ዳቦ ቢቈርስ ጥፋት የለበትም፤ የጓደኛው ልብስ ያረጀ ከሆነ ግን ያስከስሰዋል። ይህ ሕግ በማግሥቱ ዓመት በፌዴራል ፍርድ ቤት ታግዷል። የኦርላንዶ ከተማም በዚያው በ2006 ባወጣው ደንብ በመሐል ከተማ መናፈሻዎች ከ25 ሰው በላይ የሚያበላ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ያንንም በአንድ መናፈሻ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳያገኝ ወሰነ። ለቤት አልባ ወገኖች የሚሟገት አንድ ብሔራዊ ጥምረት በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2013 ወዲህ ብቻ ይህን የመሰለ ገደብ ያወጡ ወይም ለማውጣት የሞከሩ ከተሞች 31 መድረሳቸውን ገልጿል።

ከተሞቹስ ምን ይላሉ?

በዚህ ጉዳይ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይገባም። የከተማ ሹማምንት የተራበ እንዳይበላ የሚሹ ክፉዎች ናቸው ማለት እውነቱን ማጉደል ይሆናል። እነርሱም ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶችን ያቀርባሉ።

የመጀመሪያው ጤና ነው። በካሊፎርኒያ ግዛት በሳንዲዬጎና በአካባቢዋ በ2017 ሄፓታይተስ ኤ የተባለው የጉበት በሽታ ተስፋፍቶ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን ሲያሳምም 20 ሰዎችን ገድሏል። ከተጠቁትም ብዙዎቹ መጠለያ የሌላቸው ነበሩ። በሽታው ባልታጠበ እጅ በኩል በምግብና በመጠጥ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ በአቅራቢያው ያለው የኤል ካኾን ከተማ ምክር ቤት በከተማው ይዞታዎች ምግብ ማደልን ከለከለ። በጥር ወር 2018ም ክልከላውን ተላልፈው በመናፈሻ ምግብ ያደሉ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ተይዘው ተከሰሱ።

ሁለተኛው ምክንያት የአካባቢ ንጽሕናና ጸጥታ ነው። ምግብ የሚያድሉት ሰዎች በመኪና መጥተው፣ አድለው፣ በሰዓቱ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ሳህኑ፣ ፍርፋሪውና ቈሻሻው ግን ለመናፈሻው ጎረቤቶች ይቀራል። ሦስተኛው ደግሞ፣ በጎዳና ላይ ማብላት ችግረኛውን በዚያው በጎዳና ያቈየዋል፣ መጠለያና ሕክምና ወደሚያገኝበት ተቋም እንዳይሄድ ያደርገዋል የሚል ነው።

እነዚህን ምክንያቶች በሚዛን ላይ ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። የሳንዲዬጎ በሽታ ጋብ ያለው በክትባት፣ በየጎዳናው በተተከሉ የእጅ መታጠቢያዎችና መንገዶችን በማጽዳት ነበር። እንግዲህ የጎደለው ውኃና መጸዳጃ ነበር ማለት ነው። ውኃ ለጎደለበት ስፍራ መድኃኒቱ ውኃ ማቅረብ ነው፤ እንጀራውን ማንሣት አይደለም። ወደ መጠለያ ይሂዱ የሚለውም ምክር መልካም ቢሆንም፣ መጠለያው ለሁሉ የሚበቃ ሲሆን ብቻ ነው። በ2024 በመላው አሜሪካ በተደረገው የአንድ ሌሊት ቈጠራ ቤት አልባ ሆነው የተገኙት ከ770 ሺህ በላይ ነበሩ። ራብ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ወረፋ ጠብቁ ቢባልም አይጠብቅም።

በፍርድ አደባባይ

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤቶች በደረሰ ጊዜ ውሳኔው እንደየስፍራው ተለያይቷል። በኦርላንዶ ጉዳይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2011 ለከተማው ፈረደ። ከዚያም በሰኔ ወር «ምግብ እንጂ ቦምብ አይሁን» የሚል መጠሪያ ያለው ማኅበር አባላት ከ20 በላይ የሚሆኑት ያለ ፈቃድ በማብላታቸው ታሰሩ። ይህ ማኅበር በ1980 የተጀመረ ሲሆን፣ የሚያድለውም ሥጋ የሌለበት፣ እኛ የጾም ምግብ ልንለው የምንችለው ዓይነት ማዕድ ነው።

በሌላ በኩል በዳላስ ከተማ ሁለት የክርስቲያን የምጽዋት አገልግሎቶች ባቀረቡት ክስ፣ የፌዴራሉ ዳኛ በ2013 የከተማው ደንብ የሃይማኖት ነጻነትን የሚነካ ነው ብለው ፈረዱ። በፊላዴልፊያም በ2012 በመናፈሻዎች ማብላትን የከለከለው ደንብ በፍርድ ቤት ታገደ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ከዚያችው ከፎርት ሎደርዴል የወጣው ሌላ ፍርድ ነው። የተጠቀሰው ማኅበር በስትራናሃን መናፈሻ ለማብላት ባቀረበው ክስ፣ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በነሐሴ ወር 2018 ከድኻ ጋር በአደባባይ ማዕድ መቁረስ በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ፣ መልእክት ያለው ተግባር ነው ሲል ወሰነ። ዳኞቹ ይህን ሲያስረዱ ከጠቀሷቸው ምሳሌዎች አንዱ ጌታችን ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር በማዕድ መቀመጡ ነበር። ከእነርሱ ጋር መብላቱ በእርሱ ዘንድ የተናቁ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው ብለው ጻፉ። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በዐውደ ምሕረት የሰማነው ትምህርት በዓለማዊ ችሎት ለፍርድ ምክንያት ሆኖ ሲጠቀስ መስማት ያስደንቃል። ይኸው ፍርድ ቤት በ2021 በሰጠው ሁለተኛ ውሳኔም የመናፈሻው ደንብ በማኅበሩ ላይ በሥራ መዋሉ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሏል።

በኦሪገን ግዛት ደግሞ ብሩኪንግስ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሌሎች ማዕዳቸውን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዘጉ ጊዜ የሚያበላበትን ቀን አበዛ። ጎረቤቶች አቤቱታ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱም በ2021 በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ማብላት እንዳይቻል ደነገገ። ይህ ክልከላ የመጣው በመናፈሻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ በራሱ ግቢ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በመጋቢት ወር 2024 የፌዴራል ዳኛው ለቤተ ክርስቲያኑ ፈረዱ።

በቴክሳስ ግዛት በምትገኘው በሂውስተን በ2012 የወጣው ደንብ፣ ከአምስት ሰው በላይ የሚያበላ ሁሉ የቦታውን ባለቤት ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ብዙ ዓመት ሳይሠራበት ከቈየ በኋላ፣ በ2023 በከተማው ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ የሚያበሉ በጎ ፈቃደኞች በተከታታይ ይከሰሱ ጀመር። ነገር ግን በሐምሌ ወር 2023 የመጀመሪያውን ክስ የሰሙት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ተከሳሹን ነጻ ለቀቁት። በ2024ም የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡ በዚያ ማኅበር ላይ እንዳይሠራበት አግዷል።

በዳላስ፣ በሂውስተንና በላስ ቬጋስ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን የሚሰበሰቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ ይታወቃል። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ያለው አንባቢያችን፣ ዝክር በመናፈሻ ለማውጣት ሲታሰብ የከተማውን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚበጅ ቢነግረው አይከፋም። በሂውስተን እንዳየነው፣ የቦታው ባለቤት የፈቀደው ማዕድ የደንቡን ጥያቄ ያሟላልና የቤተ ክርስቲያንን ግቢ ለነዳያን መክፈት ሥርዓትንና ምጽዋትን አንድ ላይ ለመጠበቅ ይረዳል።

የበረሃው ማዕድ ሥርዓት

እስከ አሁን ያየነው የከተማና የፍርድ ቤት ነገር ነው። ለመሆኑ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በዚህ ጉዳይ ምን ያስተምረናል? ጌታችን በምድረ በዳ አምስት ሺህ ሰዎችን ባበላ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። ቀኑ በመሸ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሕዝቡ ወደየመንደሩ ሄዶ ለራሱ ምግብ እንዲገዛ አሰናብተው ብለውት ነበር። አሳባቸው የዛሬዎቹን ከተሞች አሳብ ይመስላል፤ ስፍራው አይመችም፣ ሰዓቱ መሽቷል፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ጌታ ግን ራሳቸው እንዲያበሏቸው አዘዘ።

ይሁን እንጂ ያን ሕዝብ እንዲሁ በትርምስ አላበላውም። በለመለመው ሣር ላይ መቶ መቶና አምሳ አምሳ ሆነው በረድፍ እንዲቀመጡ አደረገ። ከበሉም በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ ምንም እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። እንግዲህ በዚያ ማዕድ ረድፍም ነበረ፣ ንጽሕናም ነበረ። ከተሞቹ ማዕዱ ሥርዓት ይኑረው ሲሉ ትክክል ናቸው፤ ሥርዓት ስለ ጎደለ ማዕዱ ይቅር ሲሉ ግን ደቀ መዛሙርቱ የሳቱትን ይስታሉ።

ሐዋርያትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በኢየሩሳሌም በዕለታዊው ምግብ ዕደላ የአንዳንዶቹ መበለቶች ተዘንግተዋል የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ዕደላው ይቁም አላሉም። ለዚሁ ሥራ በመንፈስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ። በየዓመቱ በዓሉን የምናከብርለት ሰማዕቱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሹመቱ ማዕድ ማስተናገድ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመትም ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ራብ በገባ ጊዜ የተራቡትን ሰብስቦ ራሱ እያስተናገደ አብልቷል፤ በኋላም ከከተማዋ አጠገብ ለድኾችና ለሕሙማን መኖሪያ ሠርቷል። ዕለታዊውን ጉርሻና ዘላቂውን መጠለያ አንዱን ለሌላው ሳይሠዋ ሁለቱንም ፈጽሟል።

ወደየደጃችን ስንመለስ

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ የተራበን ማብላት ከጥንት የቈየ ልማድ ነው። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ዝክሩ፣ ተዝካሩ ሁሉ የነዳያን ድርሻ አለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በአዲስ አበባ የምገባ ማዕከላት ተከፍተው ችግረኞች ተቀምጠው የሚመገቡበት ሁኔታ ተፈጥሯል። የልደቱን ወይም የተዝካሩን ድግስ ወደ አረጋውያን መርጃ ማዕከላት ይዞ የሚሄደውም ቤተሰብ እየበዛ መጥቷል። እነዚህ ሁሉ የሚያስመሰግኑ ናቸው።

ሆኖም በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚታየውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ምግብ የጫነ መኪና ቆሞ በሩ ሲከፈት ግፊያው ይጀመራል። ጉልበት ያለው ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲወስድ፣ ዐይነ ስውሩ አባት፣ ሕፃን ያዘለችው እናት፣ በክራንች የቆመው ሰው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ሰጪው ስጦታው ስላለቀ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ከኋላው ፌስታሉና ፍርፋሪው በመንገድ ላይ ይበተናል። አንዳንዱም ከድግስ የተረፈውን፣ አድሮ የሻገተውን፣ እርሱ ራሱ የማይቀምሰውን ቋጥሮ ያወጣል። በባዕድ አገር ምጽዋትን የከለከሉትን ሹማምንት ከመውቀሳችን በፊት፣ ምጽዋትን ለመከልከል ምክንያት የሚሆን ነገር በእጃችን እንዳንሠራ መጠንቀቅ ይገባናል።

ከተሞቻችን ዛሬ በአዲስ መልክ እየተሠሩ ነው፤ መንገዱም መናፈሻውም እየሰፋና እየተዋበ ይገኛል። ይህ ሁሉንም የሚያስደስት ነው። ሆኖም ሌሎች ከተሞች የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ቀን ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም፤ ባማረው አደባባይ ላይ የተራበው ሰው ስፍራው የት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከወዲሁ በሥራ ማዘጋጀት ያለብን እኛው ምእመናን ነን።

መልሱ ሩቅ አይደለም፤ በየቤታችን ባለው የእንግዳ አቀባበል ውስጥ ይገኛል። በእኛ ባህል እንግዳ ሲመጣ ከእንጀራው በፊት የሚቀርበው ውኃ ነው። የቤቱ ልጅ ማንቈርቈሪያውንና መታጠቢያውን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን እጅ ያስታጥባል፤ ከዚያም እንግዳው እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ከዚያም ማዕዱ ይቀርባል፤ ሲያበቃም ገበታው ይነሣል። የሳንዲዬጎ ሐኪሞች ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ በየጎዳናው የእጅ መታጠቢያ ሲያቆሙ የደረሱበትን ነገር እናቶቻችን በየዕለቱ ሲፈጽሙት ኖረዋል። ይህንኑ ክብር ለነዳያን ብናደርገው ሥርዓቱም ንጽሕናውም ምጽዋቱም አንድ ላይ ይፈጸማል።

ስለዚህ በዚህ የልደት በዓል ዝክር የሚያወጣ ቤተሰብ ሁሉ ከምግቡ ጋር አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና ይዞ ይውጣ። ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ነዳያኑ በረድፍ የሚቀመጡበት ስፍራ ይዘጋጅ። ድካም ያለባቸው መጀመሪያ ይስተናገዱ። የሚቀርበውም በቤታችን የምንበላው፣ ትኩሱ ይሁን። መጨረሻም ልጆቻችን ፍርፋሪውን ይልቀሙ፤ ቢቻልም ካጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ስሙን ጠይቀው አብረውት ይቅመሱ። እንዲህ ያለውን ማዕድ አይቶ የሚከፋ ጎረቤት፣ የሚያስነሣም ደንብ ይኖራል ብለን አናስብም።

በቤተ ልሔም ማረፊያው ሞልቶ ነበር። ያን ሌሊት በሩን የዘጋው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ስፍራ የለኝም ማለቱም ምናልባት እውነት ነበር። ነገር ግን ማንን እንደ መለሰ አላወቀም። እኛ ግን አውቀናል። በመጨረሻው ቀንም የምንጠየቀው ስለ ተራበው፣ ስለ ተጠማውና ማደሪያ ስላጣው እንደ ሆነ ተምረናል። በዛሬው ዕለት በደጃችን የሚቆመውን ሰው ስንቀበል፣ ያን የተዘጋ በር እንደ ከፈትን እንቈጥረዋለን።

በዓሉን የሰላም፣ የፍቅርና የመተሳሰብ ያድርግልን።

መልካም የልደት በዓል!